የቫንክል ሞተርን ሲል ብቻውን አትምረጡ፤ ከሚንሸራተትበት ግድግዳ ጋር ምረጡት

ጥያቄው የመጣው ከጅማ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«የምህንድስና ተማሪዎች ነን። በጅማ ዙሪያ ያለውን የቡና ጫካ ከላይ ሆኖ ፎቶ የሚያነሳ ባለክንፍ ድሮን እየሠራን ነው። ሞተሩ ያገለገለ፣ ባለ አንድ ሮተር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ቫንክል ነው (በፒስተን ፋንታ ሮተር የተባለ ክፍል ውስጡ የሚዞርበት ሞተር)። ኮምፕሬሽኑን፣ ማለትም ሞተሩ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጥረውን ግፊት፣ ስንለካ ከመመሪያው ዝቅተኛ ልክ በታች ሆነብን። ስለዚህ የጫፍ ሲሎቹ፣ ማለትም በሮተሩ ጫፎች ላይ ሆነው ጋዝ እንዳያመልጥ የሚዘጉት ቀጫጭን ቁራጮች፣ አልቀዋል ብለን ደመደምን። ሄርማታ ያለ አንድ ቶርኖ ቤት ከአሮጌ የአይሱዙ ካሚቻ (ፒስተን ከሚመላለስበት የሲሊንደር ቱቦ) ቆርጦ ሊሠራልን ፈቃደኛ ነው። ሌላ የምናውቀው ሰው ደግሞ ‹ሴራሚክ አስመጡ፣ እሱ አያልቅም› ይለናል። ለበረራ የሚበረክተው የትኛው ነው?»

አጭሩን መልስ ላስቀድም። የሞተሩ አምራች የሚሸጠውን ሲል ግዙ። እሱ ካልተገኘ፣ ከሞተሩ ቤት፣ ማለትም ሮተሩ ከሚዞርበት ቅርፊት፣ የውስጥ ልባጥ ጋር የሚስማማ፣ ጫፉ የጠነከረ የካስት አይረን (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ሲል ፈልጉ። የካሚቻውን ሲል መሬት ላይ ለሙከራ ተጠቀሙበት፤ ወደ ሰማይ ግን አትውሰዱት። ሴራሚኩን ለጊዜው ተዉት። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር አረጋግጡ። ሲሎቹ በእርግጥ አልቀዋል?

ይህን የምጠይቀው በምክንያት ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,760 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ 82 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። በባሕር ጠለል 101 ነው። ሞተሩ አፍኖ የሚጨምቀው አየር ገና ከመነሻው 19 በመቶ ገደማ ቀንሷል ማለት ነው። የምትለኩት ኮምፕሬሽንም በዚያው ልክ ይወርዳል። የመመሪያው ቁጥር ግን አብዛኛውን ጊዜ የባሕር ጠለል ቁጥር ነው።

በምሳሌ ላሳይ። ማዝዳ አርኤክስ-8 በተባለው መኪናው ላይ ላለው ሬኔሲስ የተባለ ቫንክል ሞተር ያስቀመጠው መደበኛ ልክ በደቂቃ 250 ዙር ላይ 830 ኪሎ ፓስካል ነው። ዝቅተኛው ልክ 680 ነው። አሁን አዲስና ጤነኛ ሞተር ጅማ አምጥታችሁ ለኩት። 830 በ0.81 ሲባዛ 670 ገደማ ይሆናል። ምንም ያልነካው ሞተር ከዝቅተኛው ልክ በታች ያነባል! መመሪያውን ብቻ የሚያይ ሰው ይህን ሞተር ይፈታዋል፣ ያልተበላ ሲል ይጥላል። ስለዚህ በእጃችሁ ባለው መመሪያ ላይ ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ በ0.81 አባዙና እንደገና አወዳድሩ። ለሬኔሲስ ቢሆን የጅማው ዝቅተኛ ልክ 550 አካባቢ ይሆን ነበር።

የለካችሁበት መንገድም ወሳኝ ነው። ተራ የመኪና ኮምፕሬሽን ጌጅ ውስጡ አየር እንዳይመለስ የሚይዝ ቫልቭ አለው። ሮተር ሦስት ፊት አለው፤ ያ ጌጅ ግን የሦስቱን ትልቁን ብቻ ይዞ ይቀራል። ቫልቩን አውጡት። ከዚያ ሞተሩን አስዙሩና መርፌው ሲዘል በስልክ ቅረጹት። ሦስቱም ዝላዮች እኩል ከሆኑና ዝቅ ካሉ፣ ወይ ከፍታው ነው፣ ወይ የማስነሻው ፍጥነት አንሷል፣ ወይ ሁሉም ሲሎች አብረው ተበልተዋል። ሁለቱ ዝቅ ብለው አንዱ ደህና ከሆነ አንድ የጫፍ ሲል ተጠርጣሪ ነው፤ ምክንያቱም አንድ የጫፍ ሲል በሁለት ክፍሎች መሃል ያለ የጋራ አጥር ነው። አንዱ ብቻ ዝቅ ካለ በሮተሩ ጎን ወዳለው ሲል ተመልከቱ። ይህን የሚያህል መረጃ ሞተሩን ሳትፈቱ ታገኛላችሁ።

እንበልና ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ሲሉ በእርግጥ አልቋል። አሁን ወደ ማቴሪያሉ እንግባ።

  በቫንክል ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚል ፒስተን የለም። ጎኖቹ ያበጡ ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተር፣ ወገቡ ገባ ባለ ሞላላ ቤት ውስጥ ይዞራል። በየጫፉ ቦይ አለ። በቦዩ ውስጥ ቀጭን ሲል ተቀምጧል። የፒስተን ፋሻን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው።

ሥራው ግን ከፋሻ ይከብዳል። ግድግዳውን የሚነካው በቀጭን መስመር ብቻ ነው። በደንብ የሚታወቀውን የማዝዳ 13ቢ ሞተር ውሰዱ። ከሮተሩ መሃል እስከ ጫፉ 105 ሚሊ ሜትር ነው። ሮተሩን የሚሸከመው የዘንጉ ክፍል ከዘንጉ መሃል የሚርቀው በ15 ሚሊ ሜትር ነው። ዘንጉ በደቂቃ 6,000 ሲዞር ሮተሩ ራሱ 2,000 ይዞራል። ሒሳቡን ስትሠሩ የሲሉ ፍጥነት በሴኮንድ ከ12.5 እስከ 31 ሜትር እየወጣና እየወረደ ታገኙታላችሁ። አማካዩ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። አራት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ከጅማ አዲስ አበባ የሚያህል መንገድ ብረት ላይ ተንሸራተተ ማለት ነው፤ ያውም በስሱ ዘይት ብቻ። የእናንተ ሞተር ትንሽ ቢሆንም ዙሩ ስለሚበዛ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

በዚያ ላይ ሲሉ ቀጥ ብሎ አይቆምም። በእያንዳንዱ ዙር ከግድግዳው አንጻር ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ 25 ዲግሪ ያዘነብላል። ለዚህ ነው ጫፉ ክብ የሚደረገው። የቤቱ አንድ ጎን፣ ካንዴላው ያለበት፣ ሁልጊዜ እንደጋለ ነው። የአየርና የነዳጅ መሳቢያው ያለበት ጎን ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው። ቤቱ እኩል አይሰፋም፤ ሲሉ ግን የትም ሳያሳልፍ መከተል አለበት።

እንግዲህ «የትኛው ማቴሪያል ይበረክታል?» ለሚለው ጥያቄ የሲሉን ስም ብቻ ጠርቶ መመለስ አይቻልም። አንዱ ሲል አንዱ ግድግዳ ላይ ለዓመታት ይሠራል። ያው ሲል ሌላ ግድግዳ ላይ በጥቂት ሰዓት ያልቃል፣ ወይም ይባስ ብሎ ግድግዳውን ይጨርሰዋል። የሚመረጠው ጥንዱ ነው።

የቫንክል ታሪክ በሙሉ ይህንኑ ነው የሚያሳየው። የጀርመኑ ኤንኤስዩ የመጀመሪያውን የሙከራ ሞተር ያስነሳው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። አሥር ዓመት ቆይቶ ሮ 80 የተባለውን መኪና ለገበያ አቀረበ። መኪናው ተወደደ፤ የጫፍ ሲሎቹ ግን ቶሎ ቶሎ እያለቁ በዋስትና የሚቀየረው ሞተር ኩባንያውን አከሰረው። ኋላ ነገሩ የተስተካከለው ፌሮቲክ ወደተባለው ማቴሪያል ሲዞሩ ነው። ፌሮቲክ በብረት ውስጥ የታይታኒየም ካርባይድ ቅንጣቶች የተበተኑበት ነው። የሚንሸራተተውም ኒኬልና ሲሊኮን ካርባይድ በተለበጠ የአሉሚኒየም ግድግዳ ላይ ነበር። ያ ጠንካራ ሲል ተራ ልባጥ ላይ ቢደረግ ኖሮ ልባጡን ይልጠው ነበር።

ጃፓኖቹ በሌላ በር ገቡ። ማዝዳ፣ በዚያን ጊዜ ስሙ ቶዮ ኮግዮ የነበረው፣ ግድግዳውን በጠንካራ ክሮም ለበጠ። መጀመሪያ ላይ የብረት ሲሎቹ ክሮሙ ላይ ሞገድ የሚመስሉ ተርታ ጭረቶች ይተዉ ነበር። መሐንዲሶቹ የሰይጣን ጥፍር አሉት። በኬንኢቺ ያማሞቶ የሚመራው ቡድን ሲመረምረው ችግሩ መበላት ብቻ እንዳልሆነ ደረሰበት። ሲሉ ግድግዳው ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። እየዘለለ ይመታ ነበር። ጫፉ አካባቢ ቀዳዳ በስተው የንዝረት ድግግሞሹን ሲለውጡት ጭረቱ ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ1967 ለገበያ በወጣው ኮስሞ ስፖርት ላይ ደግሞ አሉሚኒየም የተነከረበት የካርቦን ሲል አደረጉ። ካርቦን ቀላል ነው፤ ራሱን በራሱ ያለሰልሳል፤ ክሮምን አይጎዳም። በኋላ በ1970ዎቹ ወደ ካስት አይረን ተመለሱ። ጫፉ ግን በኤሌክትሮን ጨረር ቀልጦ በቅጽበት ስለሚቀዘቅዝ እጅግ ይጠነክራል። ገላው ብረት እንደመሆኑ ካርቦን የሌለው ጥንካሬ አለው።

ወደ አውሮፕላን ስንመጣ፣ የአሜሪካው ከርቲስ ራይት ኩባንያ የቫንክልን ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ1958 ገዛ። አርሲ2-60 የተባለው ሞተሩ በ1960ዎቹ መጨረሻ ሎክሂድ ኪው ስታር በተባለ ድምፅ አልባ እንዲሆን በታሰበ አውሮፕላን ላይ በረረ። እነሱ የመረጡት ግድግዳ በተንግስተን ካርባይድ የተለበጠ ነበር። ዛሬም ቫንክል ከሰማይ አልጠፋም። የአሜሪካ ጦር ለዓመታት የተጠቀመበት ሻዶው የተባለው ሰው አልባ አውሮፕላን ይበር የነበረው የእንግሊዙ ዩኤቪ ኢንጂንስ ኩባንያ በሠራው ኤአር741 ሞተር ነው። ኤኤስኤች 26ኢ የተባለው ራሱን የሚያስነሳ ተንሸራታች አውሮፕላን ኤኢ50አር የተባለ ባለ አንድ ሮተር ሞተር አለው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ እኔ የምወስደው የሥራ መመሪያ ይህ ነው። ቤቱን መቀየር ሲሉን ከመቀየር በብዙ እጥፍ ይወደዳል። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ መበላቱ ካልቀረ የሚበላው ሲሉ ይሁን። በክሮም ግድግዳ ላይ ካስት አይረን ወይም የካርቦንና አሉሚኒየም ሲል ይሄዳል። በኒኬልና ሲሊኮን ካርባይድ ልባጥ ላይ፣ ማለትም ብዙዎች ኒካሲል በሚሉት ዓይነት ላይ፣ ካስት አይረን በደንብ ይሠራል፤ ፌሮቲክም ይሄዳል። ክሮም በክሮም ላይ ግን በፍጹም አታድርጉ። ተነካክሶ ይቀራል። ጠንካራ ያልተደረገ ተራ ብረትም እንዲሁ ይነክሳል።

ልባጡ የትኛው እንደሆነ በዓይን ለመለየት አትሞክሩ። ክሮሙም ኒካሲሉም ግራጫ ናቸው፤ ሲያገለግሉ ደግሞ የበለጠ ይመሳሰላሉ። የአምራቹን ሰነድ ፈልጉ። ካልተገኘ የማቴሪያል ላቦራቶሪ ያለው ክፍል በኤክስሬይ መለያ መሣሪያ ያለ ጉዳት ሊነግራችሁ ይችላል። ይህን ሳታውቁ አንድ ብር ለሲል አታውጡ።

አሁን ወደ ሴራሚኩ። ወዳጃችሁ ያላችሁ ነገር ከባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም። የሚወራው ሲሊኮን ናይትራይድ ነው። ጥንካሬው ከክሮም ይበልጣል። ክብደቱ ከብረት ከግማሽ በታች ነው። የሲሉ ክብደት ሲቀንስ በዙር ኃይል ግድግዳውን የሚጫንበት ጉልበትም ይቀንሳል፤ ስለዚህ መበላቱ ይቀንሳል። ማዝዳ እ.ኤ.አ. በ1991 የለማንን የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈው 787ቢ መኪና ላይ የሴራሚክ የጫፍ ሲል ነበረው። ሰዎች ይህን ያነሱና እዚህ ላይ ያቆማሉ። የዚያ ሞተር ግድግዳ ግን ተራ ክሮም አልነበረም። ሰርሜት በተባለ የብረትና የካርባይድ ድብልቅ ልባጥ ተሸፍኖ ነበር። እንደገና ጥንዱ ነው።

ሁለተኛው ነገር ሙቀት ሲመጣ የሚሆነው ነው። ርዝመቱ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ ሲል አስቡ። የአሉሚኒየም ቤቱ በ100 ዲግሪ ሲሞቅ 0.08 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል። የብረት ሲል እሱ በ150 ዲግሪ ሲሞቅ 0.066 ይረዝማል፤ ስለዚህ ከቤቱ ጋር አብሮ ይሄዳል። ሲሊኮን ናይትራይድ ግን 0.018 ብቻ ነው የሚረዝመው። በጫፎቹ ላይ 0.06 ሚሊ ሜትር ክፍተት በራሱ ይከፈታል። በትልቅ ሞተር ይህ ይታለፍ ይሆናል። በትንሽ ሞተር ግን የምትጨምቁት አየር ራሱ ጥቂት ስለሆነ የሚያመልጠው ይሰማል። የብረት ሲሎች ይህን ለመዝጋት ሁለት ወይም ሦስት ክፍል ሆነው ይሠራሉ። ገበያ ላይ የሚገኘውም የሴራሚክ ሲል እንዲህ የተከፋፈለ መሆኑን ማየት አለባችሁ።

ሦስተኛውና ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው አሰባበሩ ነው። ብረት ሲያልቅ ያስጠነቅቃል። ኮምፕሬሽኑ ቀስ እያለ ይወርዳል። ማስነሳት ይከብዳል። ጉልበት ይቀንሳል። መሬት ላይ ሆናችሁ ታዩታላችሁ። ሴራሚክ እስከ መጨረሻው ደህና ነው፤ ከዚያ በድንገት ይሰበራል። ኖኪንግ (ነዳጁ ያለ ልክ ሲፈነዳ የሚፈጠር ምት) አንዴ ከመታው፣ ወይም ሲገጠም ጠርዙ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ካገኘው፣ በቃ። ስባሪው ግድግዳውን እየፋቀ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ባለ ሁለት ሮተር ሞተር አንዱ ሮተር ሲል ቢሰብርም በሌላው እያነከሰ ሊመለስ ይችላል። የእናንተ ሞተር አንድ ሮተር ነው። በጅማ አካባቢ ባለው «በለጠ ጌራ» ጫካ ላይ ሲል ቢሰበር ድሮኑ ካሜራውን ይዞ ዛፍ ውስጥ ይገባል። ከታች ቡና የሚለቅሙ ሰዎች ሊኖሩ እንደሚችሉም አትርሱ።

ለመኪና ውድድር «ረጅሙ ዕድሜ የማን ነው?» ብሎ መምረጥ ያስኬዳል። ለሚበር ነገር ግን «ማለቁን አስቀድሞ የሚነግረኝ የትኛው ነው?» ብዬ ነው የምመርጠው። በዚህ መለኪያ ብረቱ ያሸንፋል።

የካሚቻው ሐሳብ። የቶርኖ ባለሙያው የተናገረው ሊሠራ የሚችል ነው። እንዲህ ዓይነት የእጅ ባለሙያ ከተማችሁ ውስጥ መኖሩ ትልቅ ሀብት ነው። የካሚቻ ካስት አይረን ውስጡ ግራፋይት አለው፤ ያ ለማለስለስ ይረዳል። ከግድግዳው ቁመት አቅጣጫ ቀጥ ያለ ቁራጭ ማውጣት ይቻላል። ነገር ግን ጫፉ አልጠነከረም፤ ቶሎ ይበላል። ውስጡ በክሮም የተለበጠ ካሚቻ ከሆነና ያ ፊት ሲሉ ላይ ከቀረ፣ የክሮም ግድግዳ ካላችሁ ያስጠነቀቅኳችሁ ነገር ይደርሳል። በቶርኖ ብቻ የሚጨርስም አይደለም። ሲሉ በቦዩ ውስጥ እንዲኖረው የሚፈለገው ክፍተት የሚቆጠረው በመቶኛ ሚሊ ሜትር ነው፤ በተለምዶ ከ0.05 እስከ 0.10 አካባቢ። ያን ለማግኘት የገጽ መፍጫ ግራይንደር ያስፈልጋል። ከጠበበ ሲሉ ሲሞቅ ቦዩ ውስጥ ይጣበቃል። ከሰፋ ያዘነብላል፣ ይመታል፣ የሮተሩን ቦይም ያሰፋል።

የሆነ ሆኖ ሥሩት። ሞተሩን ከመቆሚያ ጋር በቡሎን እሰሩና ማስነሳት፣ ነዳጅ ማስተካከል፣ ሙቀት መለካት ተማሩበት። ውዱን ሲል ለዚህ ማባከን አያስፈልግም። ለበረራ ሲደርስ አውጥታችሁ የተገዛውን ግጠሙ። አንድ ነገር ግን በግልጽ ልበል። ሰው በሚሳፈርበት ማንኛውም አውሮፕላን ላይ በእጅ የተሠራ ሲል የሚባል ነገር አይኖርም። እዚያ አምራቹና የአቪዬሽን ባለሥልጣን ከፈቀዱት ክፍል ውጭ ምንም አይገጠምም።

ስለ ማቴሪያል ብዙ ይወራል፤ ስለ መጣበቅ ግን በቂ አይወራም። በእኔ እይታ በትናንሽ ቫንክሎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው የተጣበቀ ሲል ነው። ዘይት ከነዳጅ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚቃጠል ከሰል ይፈጥራል። ከሰሉ ቦዩ ውስጥ ይገባል። ሲሉ በፈለገው ፍጥነት መውጣትና መግባት ያቅተዋል። ያኔ ወርቅ ቢሆንም አይሠራም። ስለዚህ አመዱ አነስተኛ የሆነ፣ ለቫንክል ወይም ለሁለት ምት ሞተር የተሠራ ሰው ሠራሽ ዘይት ተጠቀሙ። መጠኑን ከአምራቹ ውሰዱ፤ «ይብዛለት» ብላችሁ አትጨምሩ። እርሳስ ያለበት የአውሮፕላን ቤንዚን፣ መቶ ሎው ሌድ የሚባለው፣ በሊትር እስከ 0.56 ግራም እርሳስ ሊኖረው ይችላል። ዝቃጩ ቦይና ካንዴላ ላይ ይቀመጣል። ቫንክል ከፍተኛ ኦክታን የማይፈልግ ሞተር ስለሆነ አምራቹ ከፈቀደ ንጹሕ ተራ ቤንዚን ይሻለዋል። ኒካሲል ካላችሁ ደግሞ ሰልፈር የበዛበት ነዳጅ ያንን ልባጥ ይበላዋል። በ1990ዎቹ ቢኤምደብሊውና ጃጓር በዚሁ ምክንያት ብዙ ሞተር ቀይረዋል።

ከሲሉ ሥር ያለችውን ሞላ አትናቁ። ሞተሩ ሲነሳ ጋዙም የዙሩ ኃይልም ገና አልመጣም፤ ሲሉን ግድግዳው ላይ የሚይዘው ሞላው ብቻ ነው። ተራ የብረት ሞላ ከ200 ዲግሪ በላይ ሲቆይ ይለግማል። ኢንኮኔል ከተባለው፣ ሙቀት ከሚችል የኒኬል ቅይጥ የተሠራ ሞላ ካገኛችሁ እሱን ግዙ። ሲል በቀየራችሁ ቁጥር ሞላውንም ቀይሩ።

የላስቲክ ኦሪንጎቹ ነገር አጭር ነው። ዘይትና ቤንዚን በሚነካው ቦታ ቫይተን የተባለውን ላስቲክ ተጠቀሙ፤ እስከ 200 ዲግሪ ይችላል። ኢፒዲኤም የሚባለው ለውኃ ማቀዝቀዣ ጥሩ ቢሆንም ዘይት ሲነካው ያብጣል። ጥቁር ለጥቁር ስለሚመሳሰሉ አንድ ሣጥን ውስጥ አትቀላቅሏቸው።

ቀጥሎ የጅማ ዝናብ አለ። ክረምቱ ረጅም ነው፤ እርጥበቱ ቤት ውስጥም ይገባል። ድሮናችሁ በክረምት ለሳምንታት ቆሞ ከቆየ የካስት አይረን ሲል ቦዩ ውስጥ ይዝጋል። ግድግዳውም ላይ ሲሉ ባረፈበት መስመር ላይ ትንንሽ ጉድጓድ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ያ ጉድጓድ የሚገጠመውን ሲል ሁሉ ይፍቃል። ከማስቀመጣችሁ በፊት በካንዴላው ቀዳዳ የማከማቻ ዘይት ጨምሩና በእጅ አዙሩት። መሳቢያውንና ጭስ ማውጫውን ድፈኑ። በየሳምንቱ ፕሮፔለሩን በእጅ ትንሽ አዙሩ፤ ካንዴላው መነቀሉን ወይም እሳቱ መቋረጡን ግን በመጀመሪያ አረጋግጡ። በበጋ ደግሞ ጠላቱ አቧራ ነው። የመንገድ አቧራ ውስጥ ያለው የኳርትዝ ቅንጣት ክሮምን ለመቧጨር አያንስም። «ድሮን ቀላል መሆን አለበት» ብላችሁ የአየር ማጣሪያውን እንዳታወልቁት እለምናችኋለሁ።

ከፍታው እዚህም ይመለሳል። ቀጭን አየር ጉልበት እንደሚቀንስ ታውቃላችሁ። በጅማ ሞቃት ቀን የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለሉ መደበኛ ልክ ከ20 በመቶ በላይ ያነሰ ነው። የእናንተ ሞተር ደግሞ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው። ለመነሳት ሙሉ ጋዝ ሰጥታችሁ ቀስ ብሎ ሲወጣ፣ በሞተሩ ላይ የሚያልፈው አየር ትንሽ ነው። የሲሉ ዕድሜ በብዛት የሚያልቀው በዚያች ጊዜ ነው። ካንዴላው አጠገብ የሙቀት መለኪያ ግጠሙ፤ ከአምራቹ ልክ ሲቃረብ ጋዙን ቀንሱና አፍንጫውን ዝቅ አድርጉ።

አዲሱ ሲል ሲገባ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መዝግቡ። ከመግጠማችሁ በፊት የእያንዳንዱን ሲል ቁመት በማይክሮሜትር ሦስት ቦታ ለኩ፤ ሁለቱን ጫፍና መሃሉን። የቤቱን ግድግዳ በጥፍራችሁ ዳብሱ፤ በተለይ የካንዴላው ቀዳዳና የጭስ ማውጫው ጠርዝ አካባቢ። ልባጡ ተልጦ ጥፍር ከያዘ፣ ምንም ዓይነት ሲል አይቆይበትም፤ ቤቱ መጀመሪያ መጠገን ወይም መቀየር አለበት። ያ ደግሞ የቶርኖ ቤት ሥራ አይደለም። ከአሥር ሰዓት ሥራ በኋላ ፍቱና ለኩ። ከዚያ በየ25 ሰዓቱ። በሰዓት ስንት እንደሚበላ ሁለት ሦስት ልኬት ላይ ይታያችኋል። መሃሉ ከጫፎቹ በላይ ከተበላ ቤቱ በሙቀት እየተጣመመ ነው ማለት ነው፤ ማቀዝቀዣውን አስተካክሉ። ሦስቱ ሲሎች እኩል ካልተበሉ ቦዮቹን ወይም ሞላዎቹን ተጠራጠሩ።

ለአቅራቢው ስትጽፉ የሞተሩን ሞዴልና የሴሪያል ቁጥር፣ የግድግዳውን ልባጥ፣ የሦስቱን ቦዮች ስፋት በመቶኛ ሚሊ ሜትር፣ የምትጠቀሙትን ዘይትና ነዳጅ፣ እንዲሁም ሞተሩ በ1,760 ሜትር ከፍታ በአየር እየቀዘቀዘ እንደሚሠራ ግለጹለት። ስለ ልባጡ ምንም ሳይጠይቅ «ይሄ ለሁሉም ይሆናል» የሚላችሁ አቅራቢ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።